ሰማይ ለሚያይ ስፒከር ክዳን ፍለጋ፦ ከደብረ ማርቆስ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 3

ዛሬ ጋራዥ የገባው ሞተር ሃርሊ ዴቪድሰን ስትሪት ግላይድ ነው። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖረው አገራቸው የገቡ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ሞተሩን ግቢ ሳስገባ የሰፈሩ ልጆች ተከትለው ገቡ። የባጃጅ ሾፌሮችም ሥራ ፈተው አጥሩ ላይ ተደገፉ።

ሞተሩ ከፊት ሁለት ስፒከር አለው። ጋሼ ግን ከኋላም ይፈልጋሉ። «ከ80 በላይ ስነዳ ከበሮው ይጠፋና ማሲንቆው ብቻውን ያለቅሳል» አሉኝ። ልክ ናቸው። ንፋስ ሲበረታ ቀድሞ የሚውጠው ወፍራሙን ድምፅ ነው።

የሚፈልጉት ነገር አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው። የጎን ሻንጣዎቹን ክዳን ያወጡና የስፒከር አፍ ያለው ሌላ ክዳን ይገጥማሉ። ለ6 በ9 ኢንች፣ ለ6 ተኩል፣ ለ8 ኢንች ስፒከር እየተባለ ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ጋሼ ክረምት ላይ የሚመጣ ዘመድ አላቸው። የትኛው ክዳን ይምጣ የሚለውን እኔ እመርጣለሁ፤ ሲመጣ እኔው እገጥማለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ድምፁ አይደለም፤ ወሩ ነው። ጮቄ ላይ ደመና ከቆመ ማርቆስ ሳይዘንብባት አይመሽም። የመኪና ስፒከር በር ላይ ቆሞ ወደ ጎን ነው የሚያየው። ውሃ ቢነካው ይወርድለታል። የሻንጣ ክዳን ላይ ያለው ግን በጀርባው ተኝቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። መሀሉ ጎድጓዳ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሲኒ ሆነ ማለት ነው። ላዩ ላይ ያለው ወንፊት ጠጠርና ጣት ይከለክላል እንጂ ውሃ አያቆምም።

ስለዚህ ክዳን ስመርጥ ቀድሜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው በየት በኩል ይወጣል?

ሰኔ 5

ከክዳኑ በፊት የሞተሩ ሞዴል መታወቅ አለበት። ሃርሊ የእነዚህን ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች የጎን ሻንጣ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ ለውጦታል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ከዚያ በፊት ለነበሩት የተሠራ ክዳን አዲሱ ሻንጣ ላይ አይቀመጥም። ቅርጹም መክፈቻውም ሌላ ነው። አዲሱን በአንድ እጅ ሳብ ስታደርገው ይከፈታል።

ጋሼ «2013 ነው» ይላሉ። ሊብሬውም 2013 ይላል። ሻንጣው ግን አዲሱ ነው። ክርክሩን የፈታው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ከ17ቱ ምልክቶች 10ኛው ሞዴሉን ይናገራል። «ዲ» 2013፣ «ኢ» 2014፣ «ኤፍ» 2015፣ «ጂ» 2016 እያለ ይቀጥላል። የኛው «ኢ» ነው። የ2014 ሞዴሎች ገበያ የወጡት በ2013 ነሐሴ ስለሆነ፣ የተመረተበት ዓመትና ሞዴሉ ተለያዩ። ሊብሬውም ጋሼም አልዋሹም።

ይህ ሳይጣራ ቢታዘዝ ኖሮ ጉድ ነበር። ሻጩ እመልሳለሁ ቢል እንኳ ዕቃው ማርቆስ ተቀምጦ ማን አሜሪካ ያደርስለታል?

ሰኔ 8

ያለን ምርጫ የራሱን ክዳን መቁረጥ፣ የፕላስቲክ መግዛት ወይም የፋይበር ግላስ መግዛት ነው።

የራሱን መቁረጥ ርካሽ ነው። ጋሼ ግን ገና ሳልጨርስ «አይነካም!» አሉ። እኔም አልተሟገትኩም። የፋብሪካው ክዳን ላዩ ጎበጥ ያለ ነው። ጠፍጣፋ የስፒከር ጠርዝ እዚያ ላይ አይተኛም፤ ከሥሩ ማስተካከያ ቀለበት ይፈልጋል። ደግሞ መሀሉ የተቆረጠ ክዳን ጉልበቱን ያጣል። ሙዚቃው ከፍ ሲል አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ፕላስቲኩ ኤቢኤስ የሚባለው ነው። ቀላል ነው። ከሻጋታ ስለሚወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በደንብ ይገጥማል። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ሳይቀባ ከተተወ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ በኋላም ይሰባበራል። የኛ አገር ደግሞ ከፍታ ነው። ደመናው ገለጥ ሲል ፀሐዩ ለጉድ ነው። ሌላም አለ። በሙቀት ተለጥጦ የሚሠራ ፕላስቲክ ማዕዘኑ ላይ ይሳሳል። ከባድ ማግኔት ተሸክሞ ኮረኮንች ላይ ሲንገጫገጭ በቡሎኑ ዙሪያ ስንጥቅ ይጀምራል።

ፋይበር ግላሱ ጠንካራ ነው። አይንቀጠቀጥም። ስለዚህ ድምፁም ጥርት ይላል። ጉድለቱ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። ግራና ቀኙ እንኳ እርስ በርሱ አይመሳሰልም። ጠርዙ መሞረድ ይፈልጋል። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ክሩ ስለሚገለጥ ካልተደፈነ ውሃ እየሳበ ያስገባል።

ልቤ ወደ ፋይበሩ ነው። ከጋራዣችን ጀርባ የሚኒባስ ፓራውልት ሲጠግን የሚውል ልጅ አለ። ክዳኑ ቢሰነጠቅ በማግስቱ ይደፍነዋል። ፕላስቲኩ ቢሰነጠቅ ግን መልሱ ሌላ ማዘዝ ነው።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው መነጋገር አላስቻለንም። ወንፊቱ የብረት ይሁን ብዬ ጻፍኩ። ፕላስቲክ ወንፊት የዛሬውን በረዶ አይችልም።

ሰኔ 15

ዛሬ የስፒከር ተራ ነው። ሳጥኑ ላይ «ውሃ ይችላል» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለጋሼ ሳስረዳ ዋልኩ።

አይፒ ይላል፤ ሁለት ቁጥር ይከተለዋል። የመጀመሪያው የአቧራ ነው። 6 ከሆነ አቧራ ጨርሶ አያስገባም። ሁለተኛው የውሃ ነው። 4 ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። 5 በቱቦ የሚወረወር ውሃ ነው፤ በደቂቃ 12.5 ሊትር። 6 በደቂቃ 100 ሊትር። 7 አንድ ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተቀምጦ መውጣት ነው። ሰው 7ን ሲያይ 5ንና 6ን ያለፈ ይመስለዋል። ፈተናው ግን ለየቅል ነው። ጠልቆ በሰላም የወጣ ዕቃ በቱቦ ሲመታ ሊሸነፍ ይችላል። ሁለቱንም ያለፈ ሁለቱንም ይጽፋል።

ለኛ የሚያስፈልገን 5 ወይም 6 ነው። ምክንያቱም ከዝናብ የባሰ ጠላት አለ፦ ላቫጆ። የላቫጆ ልጅ ጭቃ የሚደበቅበትን ቦታ ያውቃል። ወንፊት ካየ አፈሙዙን አስጠግቶ ውስጥ ውስጡን ነው የሚለው።

አቧራውም አይናቅም። ጋሼ በበጋ ከአስፋልቱ ወጥተው ዘመድ ጥየቃ ገጠር ይገባሉ። ያ ደቃቅ አፈር በስፒከሩ የሽቦ ጥቅልና በማግኔቱ መሀል ያለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ከገባ ስፒከሩ መፋቅ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይሆናል።

ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ፊቱ ነው። በወጉ ተገጥሞ፣ ጀርባው ተዘግቶ ተፈትኖ ማለት ነው። ውሃ በጀርባ ከመጣ ያ ቁጥር አይሠራም።

እኔ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ አካሉን አያለሁ። ኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ወረቀት ከሆነ ይቅርብኝ፤ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ይሁን። ዳሩ ላይ የሚተጣጠፈው ቀለበት ስፖንጅ ከሆነ ፀሐይ ይፈረካክሰዋል፤ ላስቲክ ይሁን። በመጠን ባለ 6 በ9 ይበቃናል። ባለ 8ቱ ድምፁ ይገዝፋል፣ ግን ክዳኑን እንዳለ ይበላዋል።

ሰኔ 16

ጋሼ ስለ ዋት ጠየቁ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አይስሙት አልኳቸው። በትንንሽ ፊደል አርኤምኤስ ተብሎ የተጻፈው ነው ስፒከሩ ሳይታክት የሚችለው። የመረጥነው 100 ዋት አርኤምኤስ ነው።

ሰኔ 20

ቅርጹ ተወሰነ። ይህ ነው ብዙ ያነጋገረን።

ጠፍጣፋ የሚባለው ክዳን ስፒከሩን ከላዩ ጋር እኩል አድርጎ ያስተኛዋል። ያምራል። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው የሚመስለው። ሌላኛው የስፒከሩ መቀመጫ ከፍ ብሎ ወደ ነጂው ያዘነበለ ነው። ጋሼ ፎቶውን አይተው «አስቀያሚ ነው» አሉ። እኔ ደግሞ «እሱ ይሁን» አልኩ።

ምክንያቴ እንዲህ ነው። መቀመጫው ስላዘነበለ ኮኑ ላይ የወረደ ውሃ አንድ ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ ካለ ይወጣል። መቀመጫው ከፍ ስላለ ደግሞ ክዳኑ ላይ የሚሮጠው ውሃ አፉን ዞሮ ይወርዳል። ጠፍጣፋው ላይ ያው ውሃ ቀጥ ብሎ ወደ ስፒከሩ ነው የሚሄደው። ድምፁም ሰማይ ለሰማይ ከሚበተን ወደ ነጂው ጆሮ ቢመጣ ይሻላል።

ወደ ፊት ያዘነበለ ነገር በጉዞ ላይ ዝናብ ይጋፈጣል የሚል ሰው ይኖራል። ይጋፈጣል። ግን ከፊቱ የነጂው እግርና ወንበር አለ፤ ከዚያ ወዲያ የሞተሩ መከለያ አለ። ደግሞም እየሄደ ያለ ሞተር ላይ ውሃ አይጠራቀምም። የሚጠራቀመው ሰው ቡና ሲጠጣ ሞተሩ ውጭ ቆሞ ነው።

ካርቶን ቆርጬ የክዳኑን ቅርጽ ሠራሁና ሻንጣው ላይ አስቀመጥኩት። የልጃቸው ልጅ ከኋላ ወንበር ወጥቶ እግሩን ዘረጋ። ጉብታው አይነካውም። ክዳኑ ሲከፈትም ወንበሩን አይገፋም። ወደ ታች ስፒከሩ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የዝናብ ልብስና ጋቢ ከሥሩ ይገባሉ። ጋሼ ጋቢያቸውን ሳይዙ የትም ስለማይሄዱ ይህ ዋና ነጥብ ነበር።

ክብደቱን ስነግራቸው ግን ቅር አላቸው። ሃርሊ አንድ የጎን ሻንጣ ላይ ከ15 ፓውንድ በላይ አትጫኑ ይላል። 6.8 ኪሎ ነው። ስፒከሩና ማግኔቱ ከዚያ ላይ ይነሳል።

«ታዲያ ቡናም ላልጭን ነው?»

«ቡናው ይጫናል ጋሼ። የማሩ ቆርቆሮ ነው በአውቶቡስ የሚላከው።»

ማታውኑ ወደ አሜሪካ ተደወለ። ፋይበር ግላስ፣ ያዘነበለ መቀመጫ፣ ለ2014 እና ከዚያ ወዲህ ላለ ሞዴል፣ የብረት ወንፊት፣ ከሥሩ የስፒከሩን ጀርባ የሚሸፍን ቆብ ያለው። ሳይቀባ ይምጣ አልን። ቀለም እዚህም አለ።

ሐምሌ 14

ክዳኖቹ ደረሱ። ዘመድየው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ስላመጣቸው ጫፋቸው እንኳ አልተፈነከተም።

ግራው ወዲያው ተቀመጠ። ቀኙ ከኋላ ማዕዘኑ ላይ አንድ ብር ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት አለው። የፋይበር ነገር ነው፤ ጠብቄው ነበር።

ክፍተቱ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ በዓይን አይታወቅም። ጠመኔ ፈጭቼ የሻንጣውን አፍ ዙሪያውን ቀባሁት። ክዳኑን ከደንኩ፣ ጫን አልኩት፣ ከፈትኩት። በክዳኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ የነካበት ሁሉ ነጭ መስመር ይዟል። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ላስቲኩ አልደረሰም ማለት ነው። ግራው ላይ መስመሩ ሙሉ ነው። ቀኙ ላይ ከኋላ ማዕዘኑ እስከ ማጠፊያው ድረስ የለም። አንድ ቦታ ደግሞ መስመሩ በጣም ሰፍቷል። እዚያ ላስቲኩ ከልክ በላይ ተጨፍልቋል፤ ክዳኑን የሚያነሳው እሱ ነው። ስለዚህ ሥራው ክፍተቱን መሙላት ሳይሆን ያንን ከፍ ያለ ቦታ መሞረድ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ፣ እየቀባሁ፣ እየከደንኩ ወደ ማታ መስመሩ ገጠመ።

የፋይበር ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፤ ሳንባ ደግሞ አይምርም። ማስክ አድርጌ፣ እያረጠብኩ ነው የሞረድኩት።

ሐምሌ 15

የተቆረጡ ጠርዞችን ሁሉ ሬዚን (የፋይበሩን ማጣበቂያ ፈሳሽ) አጠጣሁ። የስፒከሩ አፍ፣ የቡሎን ቀዳዳዎች፣ የተሞረደው ቦታ። ቀዳዳዎቹን ሰው ይረሳቸዋል። ውሃ ግን አይረሳቸውም።

ሐምሌ 18

የውሃ መውጫ።

አምራቹ በሁለቱም ክዳን የመቀመጫው ፊት ለፊት ጠርዝ መሀል ላይ አንዳንድ ቀዳዳ ሰጥቷል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቢቆም ትክክል ነው። ሞተር ግን ቀጥ ብሎ አይቆምም። በጎን መቆሚያው ወደ ግራ ያጋድላል። ስለዚህ ቆሞ ሲዘንብበት የሁለቱም ክዳን ዝቅተኛ ቦታ ወደ ግራ ይሸሻል። በግራው ሻንጣ ላይ የውጪው ማዕዘን ነው። በቀኙ ላይ የውስጡ፣ ወንበሩ በኩል ያለው።

አንድ ኩባያ ውሃ በየመቀመጫው አፈሰስኩ። ሁለቱም ላይ መሀል ያለው ቀዳዳ ጥቂት አወጣና ቆመ። የቀረው ግራው ማዕዘን ላይ ኩሬ ሠራ። ኩሬው የቆመበትን በእርሳስ አከበብኩ። እዚያ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በየክዳኑ አንዳንድ ጨመርኩ። ከዚህ ካነሰ የዝናብ ጠብታ ራሱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ጭቃም ይዘጋዋል። ጠርዛቸውን ሬዚን አጠጣሁ። ቀዳዳዎቹ ከቆቡ ውጭ፣ ከክዳኑ ላይ ወደ ሻንጣው ጎን ነው የሚያፈሱት። ሻንጣው ውስጥ አንድ ጠብታ አይገባም። ድጋሚ ኩባያውን ስደፋ ውሃው ሳይቆም ሄደ።

ሐምሌ 23

ላስቲክና ማጣበቂያ።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ስፖንጅ ላስቲክ አለ። ልዩነቱ ሲታይ አይታወቅም። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክሮ መጭመቅ ነው። ውሃ ከተፋ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ዝናብ ጠጥቶ ሳምንት ያቆያል። ደረቅ ከሆነ ዓይኑ ዝግ ነው። ባለ ሱቁ ናሙናውን ስነክርበት አልወደደልኝም። ዝግ ዓይን ያለውን ገዛሁ፤ ስፒከሩና ክዳኑ መሀል ይገባል።

ሲሊኮኑን አሽትቼ ነው የምገዛው። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ መዳብና ብረት ይበላል። ለመስታወት ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ግን አላስደርሰውም። የማይሸተው ትንሽ ይወደዳል። እሱን ነው የያዝኩት።

ቡሎኖቹ ዝገት የማይነካቸው ናቸው፤ ከሥራቸው ሰፊ ሮንዴላ አለ። ፋይበር ላይ ቡሎን ጥብቅ አድርጎ ማሰር አያዋጣም። ላስቲኩ በግማሽ እስኪጨፈለቅ ነው። ከዚያ በላይ ከሄደ በቡሎኖቹ መሀል ያለው ጠርዝ ይነሳል።

ሐምሌ 27

ሽቦ። ብዙ የሚጻፍ የለውም።

አምፕሊፋየሩ ከፊት መከለያው ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ 100 ዋት ነው። የሚባክነውን ጨምሬ 250 ዋት ያዝኩ። በ13 ቮልት ሲካፈል 19 አምፔር ገደማ ይመጣል። 25 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አሰርኩ። ፊውዝ ከባትሪ ከራቀ መሀል ላይ ያለው ሽቦ ባለቤት የለውም።

ሻንጣዎቹ ለእጥበት ስለሚነሱ ሽቦው መሀል ላይ የላስቲክ ቀለበት ያለው ሶኬት አስገባሁ። ወደ ሻንጣው ከመግባቱ በፊት ሽቦው ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ አደረግኩ። በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ውሃ ከታችኛው ጉብጠት ላይ ይንጠባጠባል። ሽቅብ አይወጣም።

ፕላስና ማይነሱን ለማጣራት አንድ የሬዲዮ ድንጋይ በቂ ነው። 1.5 ቮልት። ፕላሱን ከፕላስ ስታነካካ ኮኑ ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። አንዱ ብቅ፣ ሌላው ጥልቅ ካለ ከበሮው እርስ በርሱ ይጣፋል። ጋሼ ያማረሩት ከበሮ ማለት ነው። ሁለቱም ብቅ አሉ።

ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ቆረጥኩት። በጉዞ ላይ አይሰማም፤ ኮኑን በከንቱ ነው የሚያደክመው።

ነሐሴ 4

ጾም ነው፤ ጋራዡ ቀዝቀዝ ብሏል። ሻንጣዎቹን በደረቅ ሶፍት ሞላሁና ሞተሩን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ላይ ቆሞ ተውኩት። ሶፍቱ ደረቅ ነው። ቀኙ ማጠፊያ አጠገብ ያለችው አንዷ ብቻ ጫፏ ወዝቷል። ላስቲኩን ትንሽ ወደ ውጭ ሳብኩት።

ነሐሴ 9

ላቫጆ ወሰድኩት። ልጁን «እንደልብህ» አልኩት። እውነትም እንደልቡ አጠበው። ወንፊቱ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ሶፍቱ ደረቅ ነው፤ ስፒከሩም ይዘፍናል። ቢሆንም ለጋሼ በዚህ አይልመዱ ብያቸዋለሁ። የላቫጆ ፓምፕ የአይፒ ሠንጠረዥ አላነበበም።

ነሐሴ 18

ፍልሰታ ተፈታ። መንገዱም ሰላም ነው ተባለ። ዓባይ ወረድን፤ እሳቸው በሃርሊው፣ እኔ ከኋላ በአንድ ወዳጄ ፒክአፕ።

ይህን ጉዞ የፈለግሁት ሆን ብዬ ነው። የስፒከሩ ጀርባ በቆብ ተዘግቷል፤ ፊቱ ውሃ የማያስገባ ነው። ስለዚህ በመሀል የታሰረ አየር አለ። ከደጀን ጫፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። በየ1,000 ሜትሩ የአየር ግፊት 10 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ስንወርድ የውጪው አየር ይከብዳል፤ የታሰረው ግን የደጀን አየር ነው። ኮኑ ወደ ውስጥ መገፋት አለበት።

ተገፋ። በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ ጋ ስንደርስ ጋሼ ቆሙ። «ታፈነ» አሉ። ወንፊቱን ፈትቼ በጣቴ ነካሁት። ዳሩ ላይ ያለው ላስቲክ ወደ ታች ተወጥሯል፤ ኮኑ በግድ ነው የሚንቀሳቀሰው። የቆቡን አንድ ቡሎን ሳላላ አየሩ «እስስ» ብሎ ገባና ኮኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ድምፁም ተመለሰ። ቡሎኑን መልሼ አጠበቅኩና ሽቅብ ወጣን። ደጀን ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ኮኑ ወደ ውጭ አብጦ ቆየን።

ዓባይ ለማይወርድ ሰውም ነገሩ ያው ነው። ፀሐይ ላይ የጋለ ክዳን በድንገት ቀዝቃዛ ዝናብ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ይስባል። የሚስበው ደግሞ በደካማው ስፌት በኩል፣ ላዩ ላይ ያለውን ውሃ ነው። ብዙ «ውሃ የማያስገባ» ሳጥን ውስጡ ረጥቦ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ዕቃ መተንፈሻ ይፈልጋል።

ነሐሴ 22

መተንፈሻው ከቆሻሻ ክምራችን ተገኘ። የመኪና የፊት መብራት ጀርባ ላይ ትንሽ የላስቲክ ቆብ አለች። መብራቱ ሲሞቅና ሲቀዝቅዝ አየር ታመላልሳለች፣ ውሃ አታሳልፍም። አንዳንዱ መብራት ላይ በቆብ ፈንታ አየር የሚያሳልፍ ቀጭን ሽፋን ይለጠፋል። ከተሰበሩ መብራቶች ላይ ሁለት ጥሩ ቆቦች ነቀልኩ። ባለ መኪናዎቹ ጥለዋቸው ከሄዱ ቆይተዋል።

በስፒከሩ ቆብ ጎን፣ ከታች በኩል፣ አንዳንድ ቀዳዳ በሳሁና ተከልኳቸው። አፋቸው መሬት ያያል። የሚተነፍሱት የሻንጣውን አየር ነው። ሻንጣው ውስጥ ዝናብ ስለሌለ የሚስቡትም ደረቅ አየር ነው።

ነሐሴ 27

ጋሼ ብቻቸውን ቡሬን አልፈው እስከ ኮሶበር ሄደው ተመለሱ። እዚያ የነሐሴ ዝናብ አይጠየቅም። ዘመዶቻቸው ሞተሩን ለአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ለጥር 23፣ ይዘህ ና ብለዋቸዋል። ያን ዕለት ድምፁን ዝቅ ያድርጉ አልኳቸው። ፈረስ የሚጋልብ ሰው ጎን ላይ በ200 ዋት ከበሮ መልቀቅ ጠብ ያመጣል።

ከፍቼ አየሁ። ሻንጣው ደረቅ ነው። ጋቢው ደረቅ ነው። በግራው ክዳን መውጫ ላይ አንድ ቅጠል ተሰክቷል፤ በስንጥር አወጣሁት።

ጳጉሜን 2

ሞተሩን አስረከብኩ። መውጫ ቀዳዳዎቹን በስንጥር መጥረግ፣ ጠመኔውን በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ መድገም፣ መስመሩ ከተቋረጠ ላስቲኩን መቀየር፤ ይህን በወረቀት ጽፌ ከወንበሩ ሥር አደረግሁላቸው።

ክዳኖቹ ገና ግራጫ ናቸው። ጋሼ ለእንቁጣጣሽ ጥቁር ሆነው ማየት ፈልገው ነበር። በዚህ እርጥበት የተረጨ ቀለም ይነጣል፣ ይፋፋቃል። ለጥቅምት ተቀጣጥረናል።

«ጉብታውስ? አሁንም አስቀያሚ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ነው እንጂ» አሉና አስነሱት።